የሌላ እጅ ስፌት

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ሂርማታ ዳር ላይ፣
አርባ ዓመት ተቀመጥሁ የሰውን ሶል ሳይ።
ፊት አላውቅም እኔ፤ ስም ይጠፋብኛል፤
ተረከዝህ ግን ውሎህን ይነግረኛል።
ቁልቁለት የለመደ ተረከዙ ያልቃል፣
ዳገት የለመደ ጣቱ ሥር ይሳሳል፤
ዕዳ ያለበቱን ጎን ጎኑን ይበላዋል፣
ግድግዳ ታክኮ፣ አንገት ደፍቶ ይሄዳል።

ዘንድሮ ባለዕዳው እኔ ነኝ።

ሸምሲያ ናት የተሳለች፣ ሳንባዬ ሲተፋ ደም፦
"ይዳንልኝ እንጂ፣ በመኪና አይሄድም፤
በእግሩ ነው እስከ ያአ፣ እስከ ወለጋው ዚያራ፣
በትሩን ጨብጦ፣ ከጀመዓው ጋራ።"
ዳንሁ።
እሷ ሞተች።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "ለከርሞ" እያልሁ፣
መንገዱን በሰው ጫማ ውስጥ ስሄድ ኖርሁ።

አባ ቡልጉ ይላል፦ "ባጋሮ በኩል ሂድ፣
እስከ በደሌ ድረስ የታወቀ መንገድ፤
ዴዴሳን ገና ልጅ ሆኖ ታገኘዋለህ፣
ከድልድዩ ቁልቁል ስቀህበት ታልፋለህ።"
ረምላ ክር ስትመትር ሰምታው ትስቅና፣
"የሊሙ ነው" ትላለች፣ "ሰው የሚያደርግ ጎዳና፤
ሊሙ ሰቃን አልፈህ፣ አትናጎን ስትዘልቅ፣
አርጆ ጋራ ላይ ነው ከደመና መተናነቅ፤
ወንዙም የሚጠብቅህ ታች ነው፣ ጎልምሶ፣
እንደ አዲስ አማች ኮርቶ፣ ካባውን ለብሶ።"
"ምንዳው በመድረስ ነው፣ በመውደቅ አይደለም!"
"ሳይወድቁ የደረሱበት መንገድ አይቆጠርም!"

ሱቄ ደጃፍ ላይ በኔ እግር ይጣላሉ።

እኔ የማውቀው ይህን ነው፦
በበደሌ ዞሮ የመጣ ጫማ
ስፌቱ ውሃ ጠጥቶ፣ ዋልካ ጎርሶ ይገማል፤
የሊሙው ቀይ ነው፣ ጠርዙን ድንጋይ ልሶታል።
ሁለቱንም ጠግኛለሁ፣ በእኩል ዋጋ፣
አንዱም "በእኔ ና" አላለኝ፣ ይኸው ስንቴ ነጋ።

ትናንት ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ አብርቼ፣
ከአልጋው ሥር የሷን ጫማ አወጣሁ ጎትቼ፤
ያኔ እኔ ስታመም፣ ቀድማኝ፣ ለብቻዋን
ልትለምንልኝ የሄደችበትን ጥቁር ሸራዋን።
በየት እንደሄደች አልነገረችኝም ነበር፤
"ሩቅ ነው" አለች ብቻ፣ እግሯን ሳፋ ውስጥ ስትነክር።
በጥፍሬ አፈር ፈለግሁ። ታጥቧል። ቅንጣት የለም።
(በንጽሕናዋ እንኳ መቼም አትታማም።)

ግራውን ገለበጥሁ።
ከጣቱ ሥር፣ ሶሉ ላይ፣ አንድ ጋት ስፌት፣
በማዳበሪያ ጆንያ ክር የተወጋጋበት።
የእኔ እጅ አይደለም፤ እኔ ግራኝ ነኝ፣
ክሬ ወደ ቀኝ ነው የሚያጋድልብኝ።
ይሄ ቀጥ ያለ ነው፣ ችኩል፣ መርፌው የደነዘ፣
ቢሆንም የያዘ።
እስከ ዛሬ የያዘ።

የጫማ ሰፊ ሚስት፣ ሶሏ መንገድ ላይ ተከፍቶ፣
ሌላ ሰው ሰፋላት፣ ባዳ፣ ወስፌውን አውጥቶ፤
ደብቃኝ ሞተች። "ይከፋዋል" ብላ፣
የኔን ኩራት እንኳ በሆዷ ችላ።

ረምላ ክሩን በጣቷ አሸችው። "የትም አለ" አለች።
አዎ፣ ጆንያ የሌለበት አገር የለም።
ግን ጣት ሥር የሚከፈት ሶል
ሜዳ ላይ አይከፈትም።

"ሳንባህስ?" አለ አባ ቡልጉ፣ በትሩን ምድር መትቶ።
"ሳንባዬማ" አልሁት፣ "የብድር ነው፣ አልጠይቀው አይቼ ሰግቶ።"

ሰኞ ጎህ ሲቀድ በሊሙ ነኝ።
ስንቄ በሶ፣ ወስፌዬ፣ ጥቂት ሰም፣
ከጥንዱ ጫማዋ ግራውን ብቻ፤ ቀኙ አያስፈልገኝም።
ዳገቱ አጠገብ ቁራጭ ጎማና ክር ዘርግቶ
የተቀመጠ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር፣
ሰላምታ ሰጥቼ፣ ሶሉን ገልብጬ አሳየዋለሁ፦

"ወንድሜ፣ ይሄ ያንተ እጅ ነው?
ስንት አስከፈልካት?"